በመካከለኛው ዘመን የህንድ ውቅያኖስ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ የሚይዙት እንዴት ነበር?

ሰኔ30

ሰላም እንዴት ናችሁ። የባሕር ወንበዴ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ካሪቢያን ይሄዳል፤ መድፍ፣ ጥቁር ባንዲራ፣ አንድ ዓይኑን የሸፈነ ካፒቴን። የኔ ጥያቄ ከዚያ ሁሉ በፊት ስለነበረው ነው፦ ከ800 እስከ 1450 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ከቀይ ባሕር ተነስቶ በኤደንና በህንድ በኩል እስከ ማላካ ስለሚዘልቀው የንግድ መስመር።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ውቅያኖሱ ሰፊ ነው፣ መርከቡ ነጥብ ነው። እንዴት ያገኙታል? ቢያገኙትስ፣ መድፍ ሳይኖር በምን ያስቆሙታል? የዘረፉትን ቁንዶ በርበሬና ጨርቅ ወስደው ለማን ይሸጡታል?

እግረ መንገዴን፦ በህንድ ውቅያኖስ ላይ መርከብ ጠባቂዎቹ ሐበሾች ነበሩ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ታሪክ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ፤ «ጨካኞች ነበሩ» ዓይነት መልስ ይቅርብኝ።

መልሕቅ

ከነፋሱ እንጀምር፤ እሱ ካልገባህ ሌላው ሁሉ እንቆቅልሽ ነው የሚሆንብህ።

በህንድ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ በዓመት ሁለቴ ይገለበጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከህንድ ወደ ዓረቢያና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣ መርከብ የሚመጣው በዚህ ነው። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ሰኔና ሐምሌ ላይ በጣም ስለሚበረታ በህንድ ምዕራብ ዳርቻ ማንም ወደብ አይገባም፣ አይወጣም። ስለዚህ ከኤደን ወደ ህንድ የሚሻገር ነጋዴ የሚነሳው ማዕበሉ ሲበርድ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ቸኩሎ ቢወጣ ማዕበል ይበላዋል፤ ቢዘገይ ነፋሱ ይሞትበትና ዓመት ሙሉ ወደብ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ማለት የዓመቱ ሀብት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በአንድ አቅጣጫ ይነዳል ማለት ነው። ወንበዴውና ነጋዴው የሚያዩት የቀን መቁጠሪያ አንድ ነው።

ቦታውም እንደዚሁ ይታወቃል። መርከበኛው ሰሜንና ደቡቡን የሚለካው በኮከብ ከፍታ ነው፤ ምሥራቅና ምዕራቡን የሚለካበት መሣሪያ ግን የለውም። ስለዚህ ሊገባበት ካሰበው ወደብ ትይዩ የሆነውን የኮከብ ከፍታ ይይዝና የታወቀ ተራራ እስኪያይ ድረስ በዚያው ይሄዳል። በማላባር፣ ማለትም በህንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከሩቅ ከሚታዩት አንዱ የኤሊ ተራራ ነው። ሁሉም ወደዚያ የሚመጣ ከሆነ ውቅያኖሱን ማሰስ ምን ያደርጋል? ተራራው ፊት መቆም ይበቃል።

ወጣ ብለው ሲጠብቁ ደግሞ ሰንሰለት ይሠራሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዚያ ያለፈው ማርኮ ፖሎ፣ ከማላባርና ከጉጃራት በየዓመቱ ከ100 በላይ የወንበዴ መርከቦች ይወጣሉ ይላል። 20 ወይም 30 ሆነው ይቧደኑና በመካከላቸው 5 ወይም 6 ማይል እየተዉ ይሰለፋሉ፤ እስከ 100 ማይል ባሕር ይዘጋሉ። አንዱ ሸራ ሲያይ በእሳት ወይም በጭስ ምልክት ይሰጣል፣ ሁሉም ይሰበሰባሉ።

ቁጥሩ የተጋነነ ይመስላል፤ አስላው ግን። ዓይኑ ከባሕሩ 10 ሜትር ከፍ ያለ ሰው አድማሱን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። የሚመጣው መርከብ የሸራው ጫፍ 10 ሜትር ከሆነ፣ ጫፉን ከ22 ኪሎ ሜትር ላይ ማየት ይችላል። በሁለት ጠባቂዎች መካከል ያለው 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ነው። ማለትም እያንዳንዱ ጎረቤቱንም፣ ከጎረቤቱ ማዶ ያለውንም ያያል፤ ሾልኮ የሚያልፍ የለም። 20 መርከብ 19 ክፍተት አለው፤ 19 በ8 ሲባዛ 152 ኪሎ ሜትር፣ ያ ደግሞ 95 ማይል ነው። ሰውዬው ይህን ያህል አልዋሸም።

ቃጫ

መልሕቅ ያልነካውን መርከቡን ልያዝ።

በዚያ ዘመን ከዓረቢያና ከህንድ ምዕራብ የሚነሳው መርከብ በአብዛኛው የተሰፋ ነው፤ ሚስማር የለውም። ሳንቃውን ጠርዝ ለጠርዝ ያጋጥሙታል፣ ጠርዙን ዳር ዳሩን ይበሱታል፣ በመጋጠሚያው ላይ የቃጫ ጥቅልል ያስተኙና ከኮኮናት ልጥ በተፈተለ ገመድ እየሳቡ ይሰፉታል። ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡታል። የአንዳሉስ ተጓዥ ኢብን ጁበይር በ1183 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ዳር ባለችው አይዛብ ወደብ ላይ ሲሠራ ያየውን ጽፏል፤ ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት ወይም የሻርክ ዘይት ይቀባሉ፣ የሻርኩ ከሁሉ ይሻላል ይላል። ሽታውን አስቡት።

ምክንያቱን የ14ኛው መቶ ዘመን የሞሮኮ ተጓዥ ኢብን ባቱታ ይነግረናል፦ በብረት ሚስማር የተያያዘ መርከብ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል፣ በገመድ የተሰፋው ግን እንደመለጠጥ ብሎ ያልፋል። ድክመቱም እዚያው ነው። ገመዱ ይላላል፣ ይበሰብሳል፣ መፍታትና እንደገና መስፋት ይጠይቃል፤ ውኃ ሁልጊዜ ይገባል፣ ሁልጊዜ ይቀዳል። ማርኮ ፖሎ ሆርሙዝ ላይ ያያቸውን አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ፣ አንድ መሪ ያላቸው፣ ከላይ ወለል የሌላቸው ብሎ ይንቃቸዋል። ንቀቱ ትንሽ አላዋቂነት አለበት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የ9ኛው መቶ ዘመን መርከብ የተሰፋ ነው፤ ርዝመቱ 18 ሜትር አካባቢ ሆኖ 60,000 ገደማ የቻይና ሸክላ ዕቃ ጭኖ ነበር። በዚያው አሠራር የተሠራ መርከብ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦማን እስከ ሲንጋፖር በሸራ ሄዷል።

አሁን ወደ ጥያቄህ፦ በምን ያስቆሙታል? በቀዘፋ ነው። የጫነ የሸራ መርከብ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ መሄድ አይችልም፤ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቁሞ ይቀራል። በየብስ አጠገብ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ወደ የብስ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ጸጥ የሚልበት ሰዓት አለ። ባለ መቅዘፊያ ጀልባ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሆኖ አይመጣም፤ ኢብን ባቱታ ላይ የመጡት 12 ነበሩ። ከየአቅጣጫው ሲከቡት መርከቡ ፊቱን ወደየትም ቢያዞር ጎኑን ለአንዱ ይሰጣል። ቀስትና ድንጋይ ያዘንቡና ጎን ለጎን ተጣብቀው ይወጣሉ። መስጠም ወይም ማቃጠል የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የሰጠመ ቁንዶ በርበሬ ማንም አይገዛውም።

የቀዛፊ ጀልባ ችግር ውኃ ነው። በዚያ ሙቀት የሚቀዝፍ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ይፈልጋል ብለን ብናስብ፣ 60 ቀዛፊ 240 ሊትር ነው፤ ለ10 ቀን 2,400 ሊትር፣ ሁለት ቶን ተኩል ሊሞላ ነው። ያን ጭነህ ፈጣን አትሆንም። ስለዚህ የምንጭ ውኃና የወንዝ አፍ ካለበት ዳርቻ ብዙ አይርቁም። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ፣ የሚችል ከሆነ ከየብስ ይርቃል፤ ምልክቱን ፍለጋ ሲጠጋ ይያዛል።

ሸራና_ነፋስ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ አንድ ነገር ግን ላርም። ማርኮ ፖሎ ወንበዴዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው «በጋውን ሙሉ» ባሕር ላይ ይቆያሉ ብሏል። ይህንን እየጠቀሱ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን የሚጽፉ አሉ። አይሆንም፤ መልሕቅ እንዳለው ያኔ ባሕሩ ዝግ ነው፣ የሚዘረፍም መርከብ የለም። በጋ ያለው ባሕሩ የሚከፈትበትን ወራት ነው ብለህ ካነበብከው ብቻ ነው ነገሩ የሚያስኬደው። እኛ በጋ የምንለውን ማለት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ እንዲያውም ይቀላል።

ለማን ይሸጣሉ ላልከው፦ ገዢ የሌለው ዘራፊ ተሸካሚ ነው። ሦስት ዓይነት መውጫ ነበራቸው።

አንደኛው ከንጉሥ ጋር መዋዋል ነው። በዛሬዋ ሙምባይ አጠገብ ባለችው ታና፣ ንጉሡ ከወንበዴዎቹ ጋር ተስማምቶ ነበር፦ የተያዘ ፈረስ ሁሉ የንጉሡ፣ ሌላው ሁሉ የእነሱ። ሞኝነት አይደለም። ህንድ ውስጥ ጥሩ የጦር ፈረስ አይራባም፤ ከዓረቢያና ከፋርስ በመርከብ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ሰማይ ነው። ንጉሡ ሳይከፍል ፈረሰኛ ጦር ያቋቁማል፣ ወንበዴው ወደብ ያገኛል።

ሁለተኛው ሶቆጥራ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ማለቴ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን የዓረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊው አል-ሙቀዳሲ በጨለማ ባሕር ውስጥ እንደ ግንብ የቆመች፣ የህንድ ወንበዴዎች መጠለያ ብሎ ይገልጻታል፤ መርከበኛ እሷን እስኪያልፍ ፍርሃት አይለቀውም። ነዋሪዎቿ ያኔ ክርስቲያኖች ነበሩ። ማርኮ ፖሎ እንደሚለው ወንበዴዎቹ እዚያ ሰፍረው የዘረፉትን ለገበያ ያወጣሉ፤ ደሴተኞቹም ዕቃው የአረማውያንና የእስላሞች ነው ብለው ሕሊናቸው ሳይቆረቁራቸው ይገዛሉ።

ሦስተኛው ለኔ ከሁሉ የሚገርመው ነው፤ ወንበዴነቱና ቀረጡ የሚለያዩበት መስመር የለም። የኤሊ ተራራ ወደብ ላይ፣ ወደ ሌላ ወደብ ሲሄድ ነፋስ ገፍቶት የገባ መርከብ ሙሉ በሙሉ ይወረሳል፦ «ወደ ሌላ ነበር የምትሄደው፣ እግዚአብሔር ወደኛ ላከህ» ይሉታል። የማላባሯ ወደብ ካሊኩት ያደገችበት አንዱ ምክንያት ይህን ባለማድረግዋ ነው። በ1442 እ.ኤ.አ. የመጣው የፋርሱ መልእክተኛ አብዱልረዛቅ፣ ከየትም የመጣ መርከብ ካሊኩት ላይ እንደማንኛውም ቀረጡን ከፍሎ እንደሚስተናገድ ይመሰክራል። ዝርፊያን በመተው ገበያ ወሰደች። ምሥራቅ ላይ የሱማትራዋ መንግሥት ስሪዊጃያም እንደ ኤሊ ነች፤ በ1225 የጻፈው ቻይናዊው ዣዎ ሩጓ፣ ወደቧ ሳይገባ ለማለፍ የሞከረን መርከብ ጀልባዎቿ ወጥተው ይወጉታል ይላል። ቀረጥ ነው ወይስ ዝርፊያ? በየትኛው ወገን እንደቆምክ ነው።

ሲንጋፖር አካባቢ ስላለው ሰርጥ አንድ ነገር ልጨምር። ቻይናዊው ዋንግ ዳዩዋን በ1349 እንደጻፈው፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መርከብ አይነኩትም። ሲመለስ ነው የሚጠብቁት። ካሪሙን ደሴት ሲደርሱ መርከበኞቹ የፍላጻ መከለያ ይዘረጋሉ፣ መሣሪያ ይስላሉ፤ 200 ወይም 300 ጀልባ ይወጣባቸዋልና። ነፋስ ከቀናቸው ያመልጣሉ። ሲሄድ ለምን እንደማይነኩት ግን ዋንግ አያብራራም። የኔ ግምት፣ ነጋዴው እንዲነግድና ከብሮ እንዲመለስ ነው። ህንድ ላይ ወንበዴዎቹ ይህንኑ በአፋቸው ይሉታል፤ ነጋዴውን ከዘረፉት በኋላ ሳይጎዱት «ሂድና ሌላ አትርፍ፣ ምናልባት እሱም ለኛ ይሆናል» ብለው ይለቁታል።

ሰኔ30

የፈረሱ ነገር አስገረመኝ። ሌላ ልጠይቅ፦ ነጋዴው ገንዘቡን መደበቅ አይችልም ነበር? ዕንቁ ትንሽ ነገር ነው እኮ።

ሸራና_ነፋስ

ይውጡታል። ወንበዴውም ያውቃል። የጉጃራት ወንበዴዎች ነጋዴውን ሲይዙ ሁመር በባሕር ውኃ በጥብጠው ያጠጡት ነበር። ሁመር ብቻውን ሆድ ያላላል፤ በጨው ውኃ ሲሆን በሁለቱም በኩል ነው የሚያስወጣው። ከዚያ ሉልና ዕንቁውን ይለቅማሉ። ያልዋጠውም ይጠጣል፣ እንዴት ያሳምናቸዋል?

የሚሻለው መከፋፈል ነው። የካይሮ አይሁድ ነጋዴዎች የ12ኛው መቶ ዘመን ደብዳቤዎች እንደሚያሳዩት፣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን በአንድ መርከብ አይጭንም፤ በሁለትና በሦስት ይከፋፍለዋል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል።

የአዶሊስ_በር

ስለ ሐበሾቹ የጠየቅከው አልተመለሰም። የፌስቡክ ታሪክ አይደለም፤ ፌስቡክ ላይ የሚጻፈውን ያህልም አይደለም።

ኢብን ባቱታ በ1342 እ.ኤ.አ. ከደልሂው ሱልጣን ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ስጦታ ይዞ ሲሄድ፣ ካምባይ ባሕረ ሰላጤ ላይ ካለችው ጋንዳር ወደብ ተሳፈረ። የእሱ መርከብ ጃጊር ይባላል፤ ከስጦታው ፈረሶች 70ው፣ 50 ቀዛፊና 50 ሐበሻ ታጣቂ ነበሩበት። በዚህ ባሕር የደህንነት ዋስ እነሱ ናቸው፤ አንድ ሐበሻ እንኳ መርከቡ ላይ ካለ የህንድ ወንበዴ ይርቀዋል ብሎ ጽፏል። አብሯቸው የሄደ ሌላ መርከብ ደግሞ 60 መቅዘፊያ ነበረው፤ ውጊያ ሲሆን ቀዛፊዎቹን ፍላጻና ድንጋይ እንዳያገኛቸው ከላያቸው ጣሪያ ይደረግላቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። በዓረብኛ ጽሑፍ «ሐበሻ» ሰፊ ቃል ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣውን በጥቅሉ ይይዛል። ብዙዎቹም በዘይላና በዳህላክ በኩል በባርነት ተሽጠው የወጡ ናቸው። ማንም የኢትዮጵያ ንጉሥ የላከው የባሕር ኃይል አልነበረም። ሁለተኛ፣ ያው ኢብን ባቱታ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ መርከብ ሲሄድ፣ ሂናውርና ፋካኑር በሚባሉት ወደቦች መካከል 12 የወንበዴ መርከቦች ያዙት። የሲሎን ንጉሥ የሰጠውን ዕንቁ ሳይቀር ወሰዱበት፤ በሱሪ ብቻ ነው የብስ ላይ የጣሉት።

ከእኛ ወገን ዘራፊም ወጥቷል። በ702 እ.ኤ.አ. ከሐበሻ በኩል የመጡ መርከቦች ጅዳን ወረሩ፤ ያኔ የእስልምናውን ዓለም ይገዙ የነበሩት ኡመያዎች መልስ የሰጡት የዳህላክን ደሴቶች በመያዝ ነው፣ በኋላም የግዞት ቦታ አደረጓቸው። ቀይ ባሕር ላይ ነገሩ ከውቅያኖሱ ይለያል። ኮራል ድንጋዩ ብዙ ስለሆነ ሌሊት አይሄዱም፤ ሲመሽ መልሕቅ ጥለው ያድራሉ። የት እንደሚያድሩ የደሴት ሰው ያውቃል። ስለዚህ የግብፅ ገዢዎች ፋጢማውያን ካሪሚ የሚባሉትን የቅመማ ቅመም ነጋዴዎች መርከቦች በአይዛብና በሱዋኪን መካከል የሚያጅቡ 5 የጦር መርከቦች አቁመው ነበር፣ በኋላ ወደ 3 ቀነሱ። ፍርሃታቸው ከደሴቶቹ ሰዎች ነበር።

መልሕቅ

አጃቢው ነጻ እንዳልሆነ ይታወቅ። ኤደን ላይ ነጋዴው ከዋናው ቀረጥ ሌላ የጦር ጀልባዎቹን የሚያንቀሳቅስ ክፍያ ይጨመርበታል።

ትልቁ ነጋዴ ደግሞ ጦሩን ራሱ ይዞ ይሄዳል። ካሊኩት የሚመጣው ትልቁ የቻይና መርከብ 600 መርከበኛና 400 ታጣቂ፣ በጠቅላላው 1,000 ሰው ይጭናል፤ ቀስተኛ፣ ጋሻ ያዥ፣ ናፍጣ ወርዋሪ ሁሉ አለበት። ናፍጣ ስል መኪና ላይ የምንሞላውን አይደለም፤ ስሙ ግን ያው ነው፣ ተቀጣጣይ ዘይት በዕቃ ተሞልቶ የሚወረወር።

መንግሥት ራሱ ወንበዴ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግክ 1135ን አንብብ። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ያለችው የኪሽ ደሴት ገዢ 15 መርከብና 700 ያህል ሰው ልኮ ኤደንን ከበበ፤ የከተማዋን ድርሻ ስጡኝ ብሎ። ከተማዋን መውረር አልቻሉም፤ የኤደን ሰዎችም ወጥተው አልገጠሟቸውም። ሁለት ወር ገደማ ወደቡ ፊት ተቀምጠው ከህንድ የሚመጣውን መርከብ ጠበቁ። የመጡት የፋርሷ ወደብ የሲራፍ ባለጸጋ ነጋዴ የራሚሽት ሁለት ትልልቅ መርከቦች ነበሩ። ኪሾቹ ሊይዟቸው ሞከሩ፣ ነፋሱ ግን ለመርከቦቹ ስለቀናቸው ሾልከው ወደብ ገቡ። የኤደን ወታደሮች ተሳፈሩባቸውና መልሰው ወጡ፤ ከበባው በዚያው ፈረሰ። በ12ኛው መቶ ዘመን ትልቅ የንግድ መርከብና የጦር መርከብ ልዩነታቸው የተሳፈረው ሰው ነው።

ሰኔ30

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠየቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። የመጨረሻ ይሁን፦ ኤደን ላይ የሚመጣው መርከብ የነጋዴ ነው የወንበዴ የሚለውን እንዴት ይለዩት ነበር?

የአዶሊስ_በር

የማን እንደሆነ የሚለዩት ትንንሽ ጀልባ ልከው ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ምን እንደጫነ ጠይቀው ለገዢው ይመልሳሉ። ከዚያ በፊት ግን መርከብ መሆኑን ማወቅ አለባቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኤደንን ያየው ኢብን አል-ሙጃዊር እንደጻፈው፣ ጠባቂው ተራራ ላይ የሚቀመጠው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው፤ ብርሃኑ በውኃው ላይ ተጋድሞ ሲመጣ የራቀው ነገር ይለያልና። አንድ ጥቁር ነገር ሲያይ አይጮህም። በትር ከፊቱ ያቆምና ያን ነገር በበትሩ ትይዩ ያያል። ወፍ ከሆነ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ከበትሩ ካልወጣ መርከብ ነው፤ ያኔ ይጣራል።